የእሳት ካፖርት

በባሮው ወደብ ዳር፣ ከጓሮ ጎጆዬ፣
በጥር ብርድ ቁጭ ብያለሁ፣ ያንሾካሹካል ሬዲዮዬ።
ፊቴ ያለው ነገር የወተት ጣሳ ያህላል፤
መዳብ ነው፣ ቀይ ነው፣ ራቁቱን ይብለጨለጫል።
ቦይለር ነው በስሙ፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር፣
ውሃ ተቀብሎ እንፋሎት የሚመነዝር።

ሙያዬ ይኸው ነበር፦ ለብረት ልብስ ሰፊ፣
የመርከብ ሆድ ውስጥ ገብቶ ቦይለር ጠቅላይ፣ ቧንቧ አቃፊ።
አርባ ዓመት አለበስኩ፣ ግዙፉን፣ አስፈሪውን፣
ሙቀቱ እንዳያመልጥ፣ እንዳያቃጥል ሰውን።
ያኔ ግን ልብሱ እንጨት፣ ሱፍም አልነበረ፤
ነጭ ብናኝ ነበር፣ እንደ በረዶ የበረረ።
አስቤስቶስ ይሉታል። እኛ ከየት አውቀን፤
በጭብጥ አድበልብለን፣ ተወራውረን፣ ስቀን፣
ክሌም ጢሙ ነጥቶበት፣ በሃያ ሦስት ዓመቱ፣
“ሽማግሌ አልመሰልኩም?” አለን፣ ብናኙ እስከ አንገቱ።
መሰለ። መምሰል ብቻ። ሞት ቀደመ ከእርጅና በፊት፤
ይቅር፣ ይህን ልተወው፣ ልመለስ ወደ እንጨት።

ማሆጋኒ ነው፣ የቁም ሳጥን በር ነበረ፣
የሚስቴ እህት ቤት ስትለቅ ደጃፍ ላይ የተገተረ።
ሰንጥቄ፣ ልጌ፣ አሳስቼ ሃያ አራት ስንጥር አወጣሁ፤
ለእያንዳንዱ ስንጥር ሁለቴ ሳልሁ፣ አንዴ ተቀመጥሁ።
ሳንባዬ እንደ አሮጌ ወናፍ ቀዳዳ አበጅቷል፤
ሐኪሙ ደረጃ ከልክሏል፤ መላጊያ መች ከልክሏል?

ምስጢሩ ጎኑ ላይ ነው፤ ስንጥሩ ክብ ላይ ሲጋደም
ጠርዙ ገደድ ካላለ ከጎረቤቱ አይገጥም፤
ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው በየመሃሉ ይስቃል፣
ሙቀትም በዚያ ክፍተት ሾልኮ ወደ ውጭ ይዘልቃል።
በሞረድ ሁለት ጊዜ፣ በብርጭቆ ወረቀት አንዴ፣
ወደ መብራት እያነሳሁ፣ “አሁንም አልገጠምክም እንዴ?”

ከመዳቡ ላይ ሱፍ አለ፣ ከአሮጌ ካፖርቴ የተቀደደ፤
(ግሬታ አይታ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ግን ነደደ።)
ከሱፉ ላይ ስንጥሮቹን አንድ፣ ሁለት ብዬ ደረደርኩ፣
በላስቲክ ቀለበት ጠፍሬ፣ ሙጫው እስኪይዝ ቆጠርኩ።
ሃያ ሦስተኛው ገባ። ለሃያ አራተኛው ቦታ
በፀጉር ስፋት ጠበበ፤ ስገፋው ተሰነጠቀ ባንድ አፍታ።
ሌላ ማሆጋኒ የለም። መሳቢያ ስበረብር ወጣ
የትምህርት ቤት ማስመሪያ፣ ቀለም የጠጣ፣ ጫፉ የነጣ፤
በጀርባው የክሌም ስም አለ፣ በቢላ የተጫረ፤
ተውሼው ነበር መሰለኝ፤ ሳልመልስ ነው የቀረ።
ጎኑን ብቻ ላግኩለት። ስሙን ወደ ሱፉ አዙሬ
ልክክ አደረግኩት።
ሦስት የነሐስ ቀበቶ፣ ብሎናቸው የሰሊጥ ፍሬ፤
አጠበቅኩ በአጉሊ መነጽር፣ ያለችኝን ትንፋሽ ቋጥሬ።

እሑድ ኩሬው ዳር፣ ከጀልባዋ ውስጥ፣ የኦስዊን የልጅ ልጅ አይታ፣
“እንጨት ለእሳት ምሳው አይደል? እንዴት ሆነለት ኩታ?”
ምን ብዬ ልመልስላት፤ ክብሪቱን ጫርኩ፣ ጠበቅን፤
መርፌው ከዜሮ ተነሳ፣ የውሃውን ጉርምርምታ አዳመጥን።
ስድስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ስንጥሮቹ መሃል መስመር ታየ፤
እንጨቱ ደርቆ ተኮማተረ፣ ክር ያህል ተለያየ።
ጥፋቱ የኔ ነው፤ ምድጃ አጠገብ ወር መድረቅ ነበረበት፤
እኔ ግን ወር እንዳለኝ ማን ነግሮኝ ልጠብቅበት?
ቀበቶውን ግማሽ ዙር አጠበቅኩ፤ ክሩ ጠፋ።
ጀልባዋ ዳክዬ እየበተነች ወደ መሃል ስትገፋ
ኦስዊን እንኳ ባርኔጣውን አነሳ።

ዞራ ስትመለስ ልጅቷ እጇን እንጨቱ ላይ አኖረች፤
“አይፋጅም!” አለች፤ “ለብ ያለ ነው” አለች።
እኔም በማስመሪያው በኩል መዳፌን አሳረፍኩ፤
ሰው አሁን እንደ ተነሳበት ወንበር ነው። ጥቂት ዝም አልኩ።
ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ልጅቷ ውሃ አመጣች፤
ጀልባዋ ግን ጭሷን ይዛ፣ እኔን ሳትጠብቅ ወጣች።